ሞገድ አጥር አያውቅም

አባትየው በሕይወት ሳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። መንገድ ዳር ባለችው የፊት ክፍል ተቀምጦ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮ ሆድ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረና፣ አንድ ቀን የራሱ ልብ ቀጥ አለ። ትቶት የሄደው ንብረት ብዙ አልነበረም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት፣ በአራት ብሎን ከግድግዳ የታሰረ የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ ካርቶን ካሴትና አንድ አባባል። «ሞገድ አጥር አያውቅም» ይል ነበር፣ የእርሳስ መበየጃውን እንደ ጣት ወደ ላይ ቀስሮ። «አየር ላይ የለቀቅኸው ነገር የማን ቤት እንደሚገባ አንተ አትመርጥም።»

ከሦስቱ ልጆቹ ታላቅየው የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሆነ። እህትየው ውል ከሚጽፍ ቢሮ ገባች። የአባቱን ካቻቪቴ የወረሰው ታናሽየው ብቻ ነው፤ እሱም ካቻቪቴውን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ለትምህርት ባሕር ተሻገረ። አራት ዓመት ብሎ የሄደ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። አባቱንም ሌሎች ቀበሩለት። ሊሄድ ሲል «እኔ በሌለሁበት ጉዳይ ቢመጣ አንተ ፈርም፤ አንተ ካለህ እኔ አለሁ» ብሎ ለታላቁ ሙሉ ውክልና ሰጥቶት ነበር። ወንድም ለወንድም ነውና፣ ወረቀቱን ሁለተኛ አላሰበውም።

ከተመለሰ አምስተኛ ወሩ ነው። ተመለሰ ከተባለ። ሻንጣውን ግማሹን ዘርግፎ ግማሹን እንደታጨቀ አልጋ ሥር ወሸቀው። አንድ ቀን «ኑሮዬ እዚህ ነው» ብሎ ይነሳል፤ በማግስቱ «ምን ፈልጌ መጣሁ?» እያለ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ታላቅየው ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ «ፕሮፌሰር፣ አንድ እግርህ እኮ እስካሁን አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ነው» ይለው ነበር። ታናሽየው ይስቃል። ቀልዱ ግን ለሌላው የሚቀልለውን ያህል ለሱ ቀልሎት አያውቅም።

ልቡን ያረጋለት አንድ ነገር የአባቱ ሱቅ ነበር። መጀመሪያ አቧራውን ጠረገ። ቀጥሎ መስኮቱን አጠበ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ የመደርደሪያ ሥዕል ሣለ፤ እዚህ ማጉያ፣ እዚህ ስልክ፣ እዚህ የመኪና ቴፕ። ሥዕሉን ለእናቱ ሲያሳያት ትክ ብላ አይታው «አባትህ በዚህ በኩል ነበር ጋን የሚያክለውን ሬዲዮ የሚያስቀምጠው» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወረቀቱን ሳትነካው።

ችግሩ ጣሪያው ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይደቀናል። ታላቅየው አንድ ቀን ደርሶ «ጣሪያው ሳይቀየር እዚህ የሚሠራ ነገር የለም» አለ። «እማዬ ለሦስት ወር እኔ ጋ ትምጣ። ዕቃው ይውጣ። ጣሪያው ይታደስና ሱቅህን ትከፍታለህ።» ታናሽየው እንዲህ ያለ ነገር ከወንድሙ አልጠበቀም ነበር፤ አቅፎ ሳመው። ሜትሩን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮ ቆጠረ፤ የበሰበሰውን እንጨት በኖራ ምልክት አደረገበት። ዝርዝሩን በጥሩ ጽሕፈት ገልብጦ ለእህትየው ላከላት። «ጎበዝ!» ብላ መለሰችለት።

ዓርብ ጠዋት ዕቃው ሊጫን ሆነ።

የጭነት መኪናው ባለቤት ስልሳን የተሻገረ ሰው ነው። አነዳዱን ያዩ ሰዎች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት አሳጥረው «ቀስ በቀስ» ብለው ስም አወጡለት። እሱም አልተቀየመም፤ ከመኪናው ኋላ በቀይ ቀለም አስጻፈው።

ታላቅየው በር ላይ ቆሞ ያዛል። «አልጋው ይቅደም። ቁምሳጥኑ ተነቅሎ ይውጣ። የመጋረጃ ዘንጉም ይውረድ። ደወሉንም ንቀለው።»

«የበሩን ደወል?» አለ ታናሽየው። «ጋሼ፣ የሚታደሰው ጣሪያው ነው እኮ።»

«ሠራተኛ ይነቅለዋል። የኛ እጅ ይቅደም።»

«ጠረጴዛዋስ? እሷ ላስቲክ ብትለብስ ይበቃታል። ብሎኑ ዝጓል።»

«ፍታት አልኩህ። የተማርከው ለዚህ አይደል እንዴ ፕሮፌሰር?»

ታናሽየው ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ከብሎኖቹ ጋር ግብ ግብ ገጠመ። አራቱንም በዘይትና በትዕግሥት ፈታቸው። ጠረጴዛዋ ስትነሳ ከኋላዋ አርባ ዓመት ፀሐይ ያልነካው ግድግዳ ብቅ አለ፤ እንደ ፋሻ የነጣ፣ አራት ቀዳዳ ያለው። ብሎኖቹን ጠርጎ ኪሱ ከተታቸው። ሲመለሱ በዚያው ቀዳዳ ይገባሉ ብሎ ነው።

ቀስ በቀስ ገመድ እየጠመጠመ ሲያይ ቆይቶ ጠጋ አለው። «ልጄ፣ ዕቃ ስጭን ሠላሳ ዓመቴ ነው። ለጣሪያ ብሎ ደወል የሚነቅል ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። የኔ ቤት ጣሪያ ሲቀየር ሚስቴን እንኳ አላወጣኋትም።»

«ወንድሜ ጠንቃቃ ነው» አለ ታናሽየው እየሳቀ።

«ይሁን እንግዲህ። ጥንቃቄም መልኩ ብዙ ነው።»

እናትየው በታላቅየው መኪና የፊት ወንበር ቁጭ ብላለች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ብቻዋን የምትሄድ መንገደኛ መስላ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፅዋ አልተሰማም። ታናሽየው ቤቱን መልቀቁ ከብዷት ነው አለና፣ ለዚች ሰዓት ብሎ ያዘጋጀውን ከጃኬቱ አወጣ። የክብሪት ሳጥን የምታክል የሙዚቃ ማጫወቻ ናት። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብሎ የአባቱን ካሴቶች አንድ በአንድ ወደሷ ገልብጧል። አባትየው የሰው ቴፕ ጠግኖ ሲጨርስ መቅጃውን ተጭኖ ይናገርና ድምፁን ይፈትን ነበር፤ ቀጥሎ ከሬዲዮ ዘፈን ይቀዳበታል። ስለዚህ ከካሴቶቹ በዘፈን የሚጀምሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

የታላቅየው መኪና ቴፕ ግን አሮጌ ነው። ካሴት ማስገቢያው ብስኩት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ደንቁሯል። ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። የሚሠራው ሬዲዮው ብቻ ነው። ታናሽየው ይህንንም አስቦበታል። አውራ ጣት የምታክል አስተላላፊ አወጣና የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ሰካት፤ ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ። ማጫወቻዋን በቀጭን ገመድ ከሷ ጋር አገናኘ።

«ምንድን ናት ደግሞ?» አለ ታላቅየው፣ በመስኮት አንገቱን አስግጎ።

«ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ በላት። ከማጫወቻዋ የተቀበለችውን ወደ አየር ትለቀዋለች፤ የመኪናህ ሬዲዮ ደግሞ እንደማንኛውም ጣቢያ ይይዘዋል። ባዶ ቦታ ብቻ ነው የምፈልገው።»

የሬዲዮውን ቁልፍ ቀስ አድርጎ አዞረ። አንዱ ጋ ዜና፣ አንዱ ጋ የሳሙና ማስታወቂያ፣ አንዱ ጋ የኳስ ጭቅጭቅ። ሰማንያ ስምንት ነጥብ ሦስት ላይ ጣቢያ የሌለበት ቦታ «ሽሽሽ» የሚለው ሽሽታ ብቻ ሆነ። አስተላላፊዋንም እዚያው አደረጋት። ሽሽታው ጸጥ አለ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ይሰማል?» አለ የሞተው ሰው፣ በመኪናው በሮች ካሉት ማጉያዎች ውስጥ።

«ይሰማል!» አለች ከሩቅ፣ ከጓዳ፣ አንዲት ወጣት ሴት።

እናትየው ክው አለች። ከንፈሯ ግን ያችን አንዲት ቃል አብሮ ሲያወጣ ታናሽየው አየ። ዘፈኑ ጀመረ። እናትየው እጇን ልካ የታናሽየውን የእጅ አንጓ ያዘች፤ ጥብቅ አድርጋ። «የኔ ልጅ፣ ምነው…» ብላ ጀመረች።

«እማዬ፣ ቀበቶሽን እሰሪ» አለ ታላቅየው።

እጇ ለቀቀው። ታናሽየው ምስጋና ሊሆን የነበረ ነገር መሰለው።

«ካደረግህ አይቀር ስልኬንም አገናኝልኝ» አለ ታላቅየው። «ጆሮዬ ላይ ካየው ትራፊኩ አይምረኝም።»

ትንሿ መሣሪያ ይህንንም ታውቃለች። ስልክ ያለ ገመድ ይያያዝባታል፤ ሲደወል ዘፈኑን ራሷ ታቋርጥና የደዋዩን ድምፅ በቴፑ ታሰማለች። ታናሽየው አገናኘው። በገዛ እጁ።

ጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ ቀስ በቀስ በሬዲዮው እየተማረረ ነበር። «ይሄ ሬዲዮ ከኳስ ሌላ አያውቅም። እኔ ደግሞ ኳስ አልወድም፤ በሩጫ የሚሠራ ነገር አይስማማኝም።»

ታናሽየው ቁልፉን አዙሮ ሰማንያ ስምንት ነጥብ ሦስት ላይ አቆመው። ከፊት መኪና ያለው ዘፈን ጋቢናውን ሞላው። ቀስ በቀስ መሪውን ለቆ አጨበጨበ። ታናሽየው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ! አትራቅብን፤ እኛም ከኋላ እየሰማን ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ስሙ፣ ስሙ!» አለ ታላቅየው። ዘፈኑን ማለቱ ነው። ስልኩን ያሰበው ሰው አልነበረም፤ ያገናኘውም ጭምር።

መንገድ ጀመሩ። ሞገዱ ጉልበቱ አሥራ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው። ትንሿ መኪና ስትቀርብ ዘፈኑ ይጠራል፤ ስትርቅ በሽሽታ ይዋጣል።

«ይጠጓቸው እንጂ!» ይላል ታናሽየው።

«እጠጋለሁ፣ ቀስ ብዬ።»

«አልጋ ነው እኮ የጫንነው፤ እንቁላል አይደለም።»

«አልጋም እግር አለው። ቢቸኩል ይሰበራል።»

አደባባዩ ጋ መንገድ እየታደሰ ነበርና መኪናው ሁሉ አፍንጫና ጅራት ሆኖ ቆመ። የጭነት መኪናው የታላቅየውን መኪና መከላከያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከከፍታው ላይ ሆኖ ታናሽየው የእናቱን ራስ በኋላ መስታወት ያያል፤ ግራጫ ሻሽ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ዘንበል ያለ። ዘፈኑ ከሚወዱት ቦታ ደርሶ ነበር። በዚያው ተቋረጠ። የስልክ ጥሪ ጮኸ።

ታናሽየው መጀመሪያ የተሰማው ኩራት ነው። ሠራች! ቀጥሎ ነውር ታወሰውና የሰው ስልክ ላለመስማት ድምፁን ሊቀንስ እጁን ዘረጋ።

«ሄሎ ጋሼ! ወጣችሁ?» አለ የእህትየው ድምፅ።

ጸጥታ። የታላቅየው መልስ በሞገዱ አይወጣም። የሚወጣው የደዋይዋ ብቻ ነው።

«ሁሉም? ጠረጴዛዋም?» ጸጥታ። «ተመስገን። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ሲደውልልኝ ነው የዋለው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፉን ትረከባለህ አልኩት። ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ውሉ ተመዝግቧል። የልጁም ውክልና አሮጌ ቢሆንም ይሠራል ብለውኛል።»

ታናሽየው እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አልጠረጠረም አይደል?» ጸጥታ። እህትየው ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ይህ ነው የባሰው። የደከማት ሰው ሳቅ ነው። «የቆርቆሮውን ዝርዝር ልኮልኛል እኮ! ምስማሩን ሁሉ ቆጥሮ። አንጀቴን ነው የበላው። ግን ምን እናድርግ ጋሼ፣ እሱ እንግዳ ነው። እንግዳ ጣሪያ አይሠራም።»

ቀስ በቀስ አንዴ ሬዲዮውን አየ፣ አንዴ ታናሽየውን። «ልዝጋው ልጄ?» አለ በሹክሹክታ፣ ከፊት ያሉት የሚሰሙት ይመስል።

«ይቆይ።»

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ነገር ለታናሽየው የታወቀው። ይህ ድምፅ በጭነት መኪናው ጋቢና ብቻ አይደለም የሚሰማው። ከትንሿ መኪና በሮች እየወጣ እናቱ ጉልበት ላይ ነው የሚወድቀው። እናቱ እያንዳንዷን ቃል እየሰማች ነው! ታናሽየው ወደ ፊት ተደፍቶ ግራጫውን ሻሽ አፍጥጦ ጠበቀ። አሁን ትዞራለች። አሁን «ምንድን ነው የምትሉት?» ብላ እጇን ታነሳለች። አሁን የመኪናው በር ይከፈታል። ጠበቀ። ሻሹ ዝቅ አለ እንጂ አልዞረም።

«እማዬ! አንቺም አለሽ እንዴ?» አለች እህትየው። ጸጥታ። «አይዞሽ። አታልቅሺ በቃ።» ረዥም ጸጥታ። «እማዬ፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ ‹ሁሉ ካለቀ በኋላ ይስማ› ያልሽው? አሁን ደርሶ መንገድ ላይ…»

ከፊት ያሉት መኪኖች ተንቀሳቀሱ። ታላቅየው ፍሬኑን ለቆ ወደፊት ሄደ። ሽሽታው መጣ፤ የእህትየውን ድምፅ ቃል በቃል እየበላ።

«ይከተሏቸው!» አለ ታናሽየው።

ቀስ በቀስ በሠላሳ ዓመት አንዴ ነዳጁን ረገጠ። ከኋላ አልጋው ተንቋቋ። ሽሽታው ሲሳሳ የደረሱት «እሺ፣ ደህና ግቡ» ከሚለው ላይ ነው። ጠቅ አለ። ዘፈኑም ካቆመበት ቀጠለ፤ ከዚያችው ግጥም፣ ከዚያችው ቃል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ቀስ በቀስ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ። በሦስተኛው «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ሰምቻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። የደወሉ ነገር ቅድምም ከንክኖኝ ነበር።»

ታናሽየው ኪሱ ውስጥ አራቱን ብሎኖች እንደ መቁጠሪያ እየነካካ ነበር። ያመመው ቤቱ ነው? ቤቱ አይደለም። እህትየውም አይደለችም፤ ታላቅየውም ቢሆን። በአእምሮው ደጋግሞ የሚያየው ሜትር ይዞ ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ነው። ከታች እናቱ መሰላሉን ይዛለታለች። «ቀስ በል ሆዴ፣ እንዳትወድቅ» ትለዋለች። መሰላሉን ይዛለት ነበር፤ እያወቀች።

የታላቅየው ግቢ ደረሱ። በሩ ተከፈተ። ታላቅየው እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ጭነት መኪናው መጣ። «ና እንጂ ፕሮፌሰር፣ ከአልጋው እንጀምር።»

ታናሽየው ከጋቢናው ወርዶ ወደ ትንሿ መኪና ሄደ። እናቱ ገና አልወረደችም። በሩ ክፍት ነው፤ ሰማያዊዋ መብራት ትበራለች።

«ጋሼ» አለ ጮክ ብሎ። «በደንብ ሠርታለች።»

«ምኗ?»

«ስልክህ። እትዬ ያለችውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ከኋላ ሆኜ፣ በሬዲዮ። ያልሰማሁት ያንተን ነው። ያንተ በሞገዱ አይወጣም። እስቲ አንተው ንገረኝ፤ ‹አልጠረጠረም አይደል› ስትልህ ምን ብለህ መለስክላት?»

ታላቅየው ፊቱ አመድ መሰለ። አንዴ መብራቷን አየ፣ አንዴ ጭነት መኪናውን፤ መንገዱ ምን ያህል ይረዝም እንደነበር የሚለካ መስሎ። ቀጥሎ፣ ሰው ሲያዝ እንደሚያደርገው፣ ተቆጣ። «ውጭ አገር ያስተማሩህ የሰው ስልክ መጥለፍ ነው?»

«አገናኝልኝ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እሺ፤ ሸጥነው! ምን ይጠበስ? አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ጣሪያ ሥር ባልዲ የደቀንኩት እኔ ነኝ። አንተ በስልክ ‹ዝናቡ እንዴት ነው?› ትላለህ፤ እኔ ውሃ እጨልፋለሁ። ዛሬ መጥተህ መደርደሪያ ሥለህ ባለቤት ልትሆን?»

«ይህን ፊት ለፊት ብትለኝ እኮ እሰማህ ነበር። በኔ ስም ነው የፈረምከው።»

«የሰጠኸኝ አንተ ነህ።»

«እንድትጠብቀኝ ነበር የሰጠሁህ።»

ቀስ በቀስ የማይፈታ ገመድ ለመፍታት ወደ መኪናው ወዲያኛው ጎን ዞረ።

ታናሽየው በመኪናው በር ጎንበስ አለ። «እማዬ፣ አንቺስ?»

እናትየው ቦርሳዋን አልለቀቀችም። «ጃኬትህን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ወረቀት አገኘሁ» አለች፣ ፊት ለፊቷን እያየች። «ማንበብ አያስፈልገውም፤ አውሮፕላን ተሥሎበታል። የመመለሻ ነው። መልሼ አጣጥፌ ከተትኩት። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ስል ወር አለፈ። ያኔም፣ የመጀመሪያው ጊዜ፣ የነገርከኝ ሻንጣህን ከዘጋህ በኋላ ነው። ደጃፍ ቆሜ ሸኘሁህ፤ ከዚያ ዞሬ ወደዚያ ቤት ገባሁ። ሁለተኛ አልገባም አልኩ። ሳትሄድብኝ ልልቀቀው አልኩ።»

«የመመለሻው ቀን ማክሰኞ ነበር እማዬ።»

አሁን ዞረች። «የትኛው ማክሰኞ?»

«ያለፈው። አውሮፕላኑ ሄደ። እኔ ያን ቀን የት እንደዋልኩ ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። ማክሰኞ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ቆርቆሮ ሲቆጥር። መሰላሉን የያዘችው እሷ ናት። ፊቷ ላይ ቀኑ ሲመለስ አየው፤ መሰላሉ፣ ኖራው፣ «ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት» እያለ ከላይ የሚጮኸው ድምፅ።

«አልነገርከኝም» አለች፣ ድምፅዋ ልክ እንደ ሽሽታው እየሳሳ።

«አልነገርኩሽም። አንቺም አልነገርሽኝም።»

ምክንያቷ ገብቶታል። ሲገባው ሕመሙ የሚቀል መስሎት ነበር፤ አልቀለለም፤ ቦታው ተለይቶ ታወቀ እንጂ። ሰው የማያምናቸው ሰዎች ቢከዱት ሌላ ነው። እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራጠር የወሰነውን ነገር ማንም አላየለትም። እሱም ለማንም አላሳየም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጸዳውም።

«አልጋውን አውርዱ፤ ቁምሳጥኑንም» አለ ቀና ብሎ። «ጠረጴዛዋ አትወርድም።»

«የት ልትወስዳት ነው?» አለ ታላቅየው።

«ቦታዋ። ቁልፉ የሚሰጠው ነገ ሦስት ሰዓት ነው ተብሏል። የሱቁ ቁልፍ እኔ ኪስ ነው። ሰውየው ሲመጣ እኔ እከፍትለታለሁ። በስሜ የሸጣችሁለትን ሰው መልኩን እንኳ ልወቀው።»

«ውሉ አልቋል እኮ! ምንም አታመጣም።»

«አውቃለሁ።»

አልጋው ወረደ። ቁምሳጥኑም፣ የመጋረጃ ዘንጉም፣ ደወሉም። ወንድማማቾቹ ዕቃውን ከሁለት ጫፍ ይዘው ሲያወርዱ «ያዝ» እና «ልቀቅ» ከማለት ሌላ አልተነጋገሩም። እናትየው ከመኪናው አልወረደችም። ጭነት መኪናው ላይ አንዲት ጠረጴዛ ብቻ ቀረች፤ በገመድ ታስራ፣ እግሮቿን ከፍታ።

«ብሎኖቹ አሉህ ልጄ?» አለ ቀስ በቀስ፣ መሪው ኋላ እየተቀመጠ።

ታናሽየው ኪሱን መታ መታ አደረገ። ማጫወቻዋን ግን አልወሰደም፤ ከአስተላላፊዋ ጋር አጥፍቶ እናቱ ጋ ተዋት። ሞተሩ ተነሳ። የጋቢናው ሬዲዮ እንደተከፈተ፣ ሰማንያ ስምንት ነጥብ ሦስት ላይ እንደቆመ ነበር። ሽሽታ ብቻ ነው የሚወጣው። ከግቢው ሊወጡ ሲሉ ሽሽታው በድንገት ጸጥ አለ።

ታናሽየው በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። እናቱ ወደ አስተላላፊዋና ወደ ማጫወቻዋ ጎንበስ ብላለች፤ የማታውቀውን ነገር በአንድ ጣት እየነካካች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ አባትየው ከሬዲዮው። «ይሰማል?»

ቀስ በቀስ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ታናሽየውን አየው። ጭነት መኪናው በራሱ ጉልበት ተንፏቀቀ፤ በሩን አለፈ፣ ጥጉ ላይ ደረሰ።

«ይንዱ» አለ ታናሽየው።

ጥጉን ታጠፉ። የጓዳዋ ሴት መልሷን ሳትሰጥ ሽሽታው መጣ። ታናሽየው ሬዲዮውን አልዘጋም፤ ሽሽታውን እየሰማ፣ በአውራ ጣቱ የአንዱን ብሎን ዝገት እየፈቀፈቀ ሄደ።